የአሳ ፍሪዘር፣ አንድ የሲ ላይብረሪ፣ ሦስት ማሽን፦ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

እሺ፣ ዘንድሮ እየጻፍኩ ነው የምሠራው። አምና አንድም ነገር ሳልጽፍ ቀርቼ አሁን ያንኑ ኮድ ስከፍተው የማን እጅ እንደሆነ እንኳ ጠፋኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሀዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ አሳ የሚሸጡ አንድ ሴትዮ አሉ፣ ማዘር ነው የምላቸው፣ ሁለት ፍሪዘር ሙሉ ቆሮሶና አምባዛ ያስቀምጣሉ። ማታ መብራት ይሄድና ሌሊት ተመልሶ ይመጣል፣ ጠዋት ሲከፍቱት ፍሪዘሩ ምንም እንዳልተፈጠረ እየሠራ ነው፣ ግን አሳው መሀል ላይ ቀልጦ እንደገና ጠጥሮ እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ስለዚህ ቅዝቃዜውን እየለካች ካርድ ላይ የምትመዘግብ፣ ሲሞቅ ደግሞ የምትጮህ ሳጥን ላምጣሎት አልኳቸው። ሳጥኗ አለች፣ አምና ከጓደኛዬ ጋ ለጫጩት ቤት ሠርተናት ነበር፣ ኢኤስፒ32 የምትባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ፣ አንድ ዲኤስ18ቢ20 የሚባል የሙቀት ሴንሰር፣ ሚሞሪ ካርድ፣ አንድ ባዘር፣ በቃ። መዝገቡን የሚጽፈውና የሚያነበው ጓደኛዬ በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የጻፈው ትንሽ ላይብረሪ (የኮድ ስብስብ) ነው፣ ስድስት ሲ ፋይል (ሥራውን የሚሠራው ኮድ) እና አራት ሄደር (ምን ምን እንዳለ ለሌሎቹ ፋይሎች የሚያሳውቅ)። ይቺው ላይብረሪ ሦስት ቦታ ኮምፓይል መሆን (ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መለወጥ) አለባት፣ ቦርዱ ላይ፣ ለቴስት የኔ ኡቡንቱ ላይ፣ እና የማዘር ልጅ ግራፉን እንድታይ የሷ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ።

"መቼ ታመጣልኛለህ?" ሲሉኝ "ነገ ማታ" አልኩ። አፌን በቆረጠው።

ቅዳሜ፣ ማታ 4 ሰዓት

ኡቡንቱ ላይ አንድም ዋርኒንግ ሳይጥል አለፈ። ቦርዱ ላይ ግን ገና ሁለተኛው ፋይል ላይ ቀጥ። አምና የሠራነው በአይዲኤፍ (ለቦርዱ ኮምፓይል የሚያደርግልህ መሣሪያ) 4.4 ነበር፣ አሁን ላፕቶፔ ላይ ያለው 5 ነው። ኤረሩ የሚለው ሲአርሲ (መዝገቡ አለመበላሸቱን ማረጋገጫ ቁጥር) የምታሰላዋ ፈንክሽን ታይፖቿ (የቁጥር ዓይነቶቿ) ይጋጫሉ ነው። ሄደሩ ላይ ዩኢንት32 ትመልሳለች ተብሎ ተጽፏል፣ ሲ ፋይሉ ላይ አንሳይንድ ኢንት ትመልሳለች ተብሎ ተጽፏል። ታዲያ ምኑ ነው የሚጋጨው? ሁለቱም 4 ባይት፣ ሁለቱም ኔጌቲቭ የማይዙ፣ ይሄው ቦርድ ላይ አምና ያለ ምንም ጭቅጭቅ ሲሠሩ የከረሙ!

እኔ የመሰለኝ ከሆነ ቦታ የተሳሳተ ሄደር እየተጎተተ ነው ብዬ ነው፣ በዚህ ጥርጣሬ ሁለት ሰዓት አለቀ። መጨረሻ ላይ ኮምፓይለሩ ፕሪፕሮሰሰሩን (ሄደሮቹን ሁሉ አስገብቶ ኮዱን የሚያዘጋጀውን የመጀመሪያ ደረጃ) ብቻ ሠርቶ እንዲያቆም አድርጌ የወጣውን ሁሉ ፋይል ላይ ገለበጥኩት፣ ከዛ ዩኢንት32ን እየፈለግኩ ታይፕዴፉን (ለታይፕ ሌላ ስም የሚያወጣውን መስመር) ወደ ኋላ እየተከተልኩ ሄድኩ፣ አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ ያኛው ሌላውን ይጠራል፣ መጨረሻው አንሳይንድ ሎንግ ሆኖ ተገኘ። ኢንት አይደለም፣ ሎንግ ነው!

አሁን ገባኝ። በ1999 የወጣው የሲ ስታንዳርድ ዩኢንት32 ልክ 32 ቢት ይሁን ይላል እንጂ ከምን ይሠራ አይልም። የኔ ኡቡንቱ ላይ 32 ቢት የሆነው ኢንት ብቻ ነው፣ ሎንግ 64 ነው፣ ስለዚህ ምርጫ የለውም። ቦርዱ ላይ ግን ኢንትም ሎንግም 32 ናቸው፣ አንዱን መምረጥ የሠሪዎቹ ፈንታ ነው፣ አይዲኤፍ ደግሞ እስከ 4 ድረስ ኢንት ብሎ ቆይቶ 5 ላይ ከዋናው ጂሲሲ (የሲ ኮምፓይለር ነው) ጋ እንዲስማማ ብሎ ወደ ሎንግ ቀየረው። እና ለኮምፓይለሩ ኢንትና ሎንግ መጠናቸው አንድ ስለሆነ አንድ አይሆኑም። መንታ ወንድማማቾች ናቸው፣ ቢመሳሰሉም በአንዱ የቀበሌ መታወቂያ ሌላው አያልፍም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነው፣ ይጻፍ። ሄደሩን ሄጄ አንሳይንድ ኢንት አደረግኩት። ኤረሩ ጠፋ፣ በምትኩ ፈንክሽኗን የሚጠሩት ቦታዎች ሁሉ የዩኢንት32 ፖይንተር (ቁጥሩ ያለበትን አድራሻ) ሰጥተው የአንሳይንድ ኢንት ፖይንተር ስለሚጠበቅ የዋርኒንግ መዓት ወረደ። ይሄ ደግሞ ከጂሲሲ 14 ጀምሮ ዋርኒንግ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ኤረር ሆኗል። መለስኩት። ትክክሉ ሄደሩን ትቶ ሲ ፋይሉን ማስተካከል ነበር፣ አንድ ቃል።

ቅዳሜ፣ ሌሊት 7 ሰዓት

አንድ ሌላም አለ። ጓደኛዬ ሄደሩ ውስጥ ኢንት8 ብሎ የራሱን ታይፕ አውጥቷል፣ ቻር ነው ያለው። የሴንሰሩ ድራይቨር ሄደር ደግሞ ያንኑ ስም ሳይንድ ቻር ብሎታል። ግጭት። ስሙ ከሌለ ብቻ ይተርጎም ብዬ ኢፍንዴፍ አደረግኩበት፣ ምንም፣ ለካ ፕሪፕሮሰሰሩ ታይፕዴፍ የሚባል ነገር አያይም፣ ማክሮ (ከኮምፓይል በፊት በሌላ ጽሑፍ የሚተካ ስም) ብቻ ነው የሚያየው። ደክሞኛል። ድራይቨሩ ከመግባቱ በፊት ስሙን በማክሮ ቀይሬ፣ ካለፈ በኋላ ማክሮውን አጠፋሁት፣ አለፈ። ነገ አየዋለሁ።

እሁድ

ነገ አየዋለሁ ያልኩትን አላየሁትም።

ጠዋት የቀሩትን የህትመት መስመሮች አስተካከልኩ። ዩኢንት32 ሎንግ ስለሆነ ፕሪንትኤፍ ላይ በፐርሰንት ዩ የነበረው ሁሉ ተበላሽቷል፣ አይዲኤፍ ደግሞ ዋርኒንጉን እንደ ኤረር ነው የሚቆጥረው። ፐርሰንት ኤልዩ ብዬ ብቀይረው ቦርዱ ዝም ይላል፣ ኡቡንቱ ይጮሃል። ኢንትታይፕስ የሚባለው ሄደር ውስጥ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ማክሮዎች አሉ፣ ፒአርአይዩ32 ዓይነት፣ ያስጠላሉ ለዓይን፣ ግን ሁሉም ቦታ ይሠራሉ። አስራ አንድ ቦታ ቀየርኩ።

እየቀየርኩ እያለ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አየሁ። የመጨረሻውን መዝገብ ሰዓት የሚይዘው ግሎባል ቫሪያብል ሄደሩ ላይ ኢንት32 ነው ይላል፣ ሲ ፋይሉ ላይ ግን ሎንግ ተብሎ ነው የተሠራው፣ ኮምፓይለሩም አንድም ቀን አልተናገረም። ለምን? ያ ሲ ፋይል የራሱን ሄደር አይጠራማ! ኮምፓይለሩ ሁለቱን አንድ ላይ ካላያቸው አይከራከርም፣ ፋይሎቹን መጨረሻ ላይ የሚያገጣጥመው ሊንከር ደግሞ ስም ብቻ ነው የሚያገናኘው፣ ታይፕ አይጠይቅም። ኡቡንቱ ላይ አንዱ ወገን 8 ባይት አለ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው 4 ባይት ያነባል፣ ትክክል የሚወጣው ማሽኑ ትንሹን ባይት አስቀድሞ ስለሚያስቀምጥ ብቻ ነው። በእድል ነው ስንኖር የከረምነው። ስድስቱም ሲ ፋይሎች የመጀመሪያ መስመራቸው ላይ የራሳቸውን ሄደር እንዲጠሩ አደረግኩ፣ ወዲያው ሁለት ሌላ ግጭት ወጣ። ቅዳሜ የጮኸው ኤረር ለካ የደግ ሰው ኤረር ነበር።

ማዘር ደወሉ። "አንተ ልጅ፣ ያቺ ሳጥንህ የታለች?" "ማዘር ትንሽ ነገር ቀርቷታል።" "ሁዳዴ ሳይገባ ነው የምፈልጋት፣ ኋላ አሳው ይወደዳል።" "እሺ ማዘር።"

እሁድ፣ ማታ

ዊንዶውስ። ከኡቡንቱ ላይ ሆኜ በሚንጂደብሊው (ለዊንዶውስ የሚሠራ ጂሲሲ) ነው የምሠራው፣ ወደ ልጅቷ ላፕቶፕ ሳልሄድ መጀመሪያ እዚሁ ይጮህ ብዬ።

ጮኸ እንጂ። ጓደኛዬ አንድ ጠቅላላ ሄደር አለው፣ እሱ ውስጥ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ኢንት32 ሎንግ ነው ብሎ ተርጉሟል፣ ቡሊያን ደግሞ ኢንት ነው ብሏል። የዊንዶውስ ሄደሮች ያንኑ ትልልቁን ኢንት32 ሳይንድ ኢንት ይሉታል፣ ቡሊያንን ደግሞ አንሳይንድ ቻር። ደውዬ ከየት አመጣኸው ስለው "ከጄፔግ ላይብረሪው ላይ አይቼ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት የድሮው የጄፔግ ላይብረሪ ልክ እነዚህኑ ስሞች ይዞ ነው ከዊንዶውስ ጋ ለብዙ ዓመት ሲጣላ የኖረው፣ በኋላ ላይ ሄደሩ ውስጥ የማይክሮሶፍት ሄደር ቀድሞ ገብቶ እንደሆነ እያየ ራሱን የሚያርም መስመር ተጨምሮበታል።

ከሁለቱ ግጭት የባሰው ቡሊያኑ ነው። ኢንት32ው ዊንዶውስ ላይ እንደ ቅዳሜዎቹ መንታዎች ነው፣ ሎንግም ኢንትም 4 ባይት፣ የሚጣላው ስሙ ብቻ ነው። ቡሊያን ግን ባንዱ 4 ባይት በሌላው 1 ባይት ነው፣ ስትራክት (አንድ ላይ የታሰሩ ዋጋዎች ጥቅል) ውስጥ ሲገባ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ቦታውን ይለቃል፣ ላይብረሪው በአንዱ ትርጉም ኮምፓይል ሆኖ ፕሮግራሙ በሌላው ከሆነ እርስ በርስ የሚያዩት ሌላ ሌላ ነገር ነው። የጄፔጉ ሰዎች ይሄን አውቀው ነው መሰለኝ ገና ሲጀምር የስትራክቱን መጠን ከጠሪው ጋ አስተያይቶ ካልተስማማ እምቢ የሚል ቼክ አላቸው፣ ላይብረሪው ይሄን ያህል ነው የሚለው አንተ ይሄን ያህል ትላለህ ብሎ ሁለቱንም ቁጥር ይነግርሃል። ወደድኩት።

ኢንተርኔት ላይ የሚመከረው ዊንዶውስ ሄደሩ ራሱን እንዲያሳንስ የምታዘው ማክሮ ናት፣ ሊን ኤንድ ሚን የምትባለዋ። ሞከርኳት፣ ቡሊያን የሚመጣበትን ሄደር ስለምትተው ግጭቱ ጠፋ፣ ኢንት32ው ግን አልጠፋም፣ እሱ ከመሠረቱ ነው የሚመጣው። ደግሞም ነገ ሌላ ሰው ሌላ የዊንዶውስ ሄደር ቢጨምር ቡሊያን ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ጓደኛዬን አስፈቅጄ ጠቅላላ ሄደሩ ላይ ያሉትን እነዚህን ስሞች በሙሉ ነቀልኳቸው፣ በስታንዳርዱ ታይፖች ተካኋቸው፣ የራሳችን መሆን ያለባቸው ሁሉ ስማቸው ፊት የላይብረሪው ቅጥያ ገባላቸው። የዊንዶውስን ሄደር መጥራት የሚፈቀድለት አንድ ሲ ፋይል ብቻ ነው፣ ሌላው አያውቀውም።

ዳታው አለቀ፣ ተኛሁ።

ሰኞ

ከሥራ መልስ። ሚንጂደብሊው አለፈ። ኡቡንቱ ላይ የጻፍኩትን ፋይል በዊንዶውሱ ፕሮግራም ከፈትኩት፣ አንዱ መዝገብ ሰዓቱ ብቻ ትክክል፣ ቀጣዩ ዝባዝንኬ፣ ቀጣዩ ደግሞ እንደገና ሰዓቱ ብቻ ትክክል።

ይሄን እንኳ ወዲያው ነው ያወቅኩት። የመዝገቡ ስትራክት መጀመሪያ ላይ ሰዓቱን በሎንግ ነው የሚይዘው፣ ከዛ ባትሪው 2 ባይት፣ ከዛ ሙቀቱ 1 ባይት። 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ሎንግ 8 ነው፣ ተደምሮ 11፣ ኮምፓይለሩ ሞልቶ 16 ያደርገዋል። 64 ቢት ዊንዶውስ ሎንግን 4 ላይ ነው የተወው፣ ቦርዱም 4፣ ተደምሮ 7፣ ተሞልቶ 8። ሰዓቱን ዩኢንት32 አደረግኩትና ከስሩ የስትራክቱ መጠን 8 ካልሆነ ኮምፓይል እንዳይሆን ስታቲክ አሰርት ጨመርኩ። ከጄፔጎቹ የተማርኩት፣ ግን የኔ ፕሮግራሙ ከመሠራቱ በፊት ነው እምቢ የሚለው።

ኔጌቲቭ የሚይዘውን ኢንት32 ሳይሆን ዩኢንት32 የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ኔጌቲቭ በሚይዘው 32 ቢት የተቆጠረ ሰከንድ የሚያልቀው በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። ለመዝናናት ወደኛ ቀየርኩት፣ ጥር 11 ቀን 2030፣ ጥምቀት! ሰዓቱም በኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ። ታቦቱ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር እንዳደረ፣ ገና ፀበል ሳይረጭ የድሮ ማሽኖች ወደ 1901 ሊመለሱ ነው ማለት ነው። ዩኢንት32 ካደረግነው እስከ 2106 ያደርሰናል፣ ለአሳ ፍሪዘር ይበቃል።

ማክሰኞ

ወደ ልጅቷ ላፕቶፕ ሄድኩ፣ በኋላ ራሷ ማስተካከል እንድትችል እዛው ላይ ኮምፓይል እናድርገው ብዬ። ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ሲ ተምራለች፣ ኤምሲስ2 (ጂሲሲን ዊንዶውስ ላይ የሚያመጣውን) ጭና ጠበቀችኝ። ጎበዝ ናት።

ትናንት ኡቡንቱ ላይ ሆኖ ለዊንዶውስ ያለፈው ኮድ ራሱ ዊንዶውስ ላይ ሲሆን እምቢ አለ። ያውም ኤረሩ የወጣው ከኛ ፋይል አይደለም፣ ከሲስተሙ ሄደር ውስጥ ነው፣ ታይም_ቲ የሚባል ታይፕ አላውቅም ይላል። የሲስተም ሄደር ራሱ ታይም_ቲን ካላወቀ ማን ሊያውቀው ነው? የትኛው ሄደር የትኛውን እንደጠራ በየደረጃው የሚዘረዝረውን ኦፕሽን ሰጥተን አየነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ጣቷን አድርጋ "ይሄ ያንተ ፎልደር አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ነው። ጓደኛዬ ታይም የሚባል ሄደር አለው፣ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ የሆነ። ሊኑክስ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል የተለያየ ፋይል ነው፣ ዊንዶውስ ላይ አንድ ነው። የኛ ፎልደር ደግሞ ከሲስተሙ ቀድሞ ይፈተሻል፣ ስለዚህ ሲስተሙ የራሱን የሰዓት ሄደር ሲጠራ የኛ ብቅ ይላል። ስሙን ቀየርነው፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። አርዱዊኖ ላይ የሚታወቀው የሰዓት ላይብረሪም በዚሁ ምክንያት ነው የሄደሩን ስም የቀየረው።

ከዛ ቡል፣ እውነት ወይም ሐሰት የሚይዘው ታይፕ። ኤምሲስ2 ሁሌ አዲሱን ነው የሚያመጣው፣ የሷ ጂሲሲ 15 ነው፣ እሱ ደግሞ ምንም ካላልከው በሲ23 (አዲሱ የሲ ስታንዳርድ) ነው የሚያነበው፣ ሲ23 ላይ ቡል የቋንቋው ቃል ሆኗል፣ በታይፕዴፍ ልትተረጉመው አትችልም። የሴንሰሩን ዳታ የሚያጣራ አንድ የድሮ ፋይል ውስጥ ታይፕዴፍ አንሳይንድ ቻር ቡል የሚል ቁጭ ብሏል። አጥፍቼ ኤስቲዲቡል ሄደርን ጠራሁ፣ ለአዲሱም ለአሮጌውም ይሆናል። እሷ "የድሮውን ስታንዳርድ ተጠቀም ብንለው አይቀልም?" አለች፣ ይቀላል፣ ግን አይሆንም አልኳት፣ ቅዳሜ ሌሊት ራሴ ምን እንዳደረግኩ ረስቼ።

ማዘር ቡና አፍልተው ጠጣን፣ የተጠበሰ ቆሮሶ በላሁ፣ ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

ረቡዕ

ሳጥኗ ተሠራች። ማዘር ጋ ከመውሰዴ በፊት የአከራዬ ፍሪጅ ላይኛው በረዶ ቤት ውስጥ ሴንሰሯን ከተትኳት። ትንሽ ቆይቶ ባዘሩ ጮኸ። ማለት፣ ግቢው ሙሉ እስኪሰማ። ከ-10 በላይ ሲሞቅ ጩኺ ነው ያልኳት፣ ውስጡ ደግሞ በረዶ ነው። ቦርዱ ራሱ የሚያወጣውን ጽሑፍ ላፕቶፑ ላይ ሳየው ሙቀቱ 238 ዲግሪ ይላል።

238። ከ256 ሲቀነስ 18። ፍሪጁ -18 ነው።

ወይ ቅዳሜ ሌሊት! በሲ ቻር፣ ሳይንድ ቻር እና አንሳይንድ ቻር ሦስት የተለያዩ ታይፖች ናቸው፣ ዝም ብለህ ቻር ካልክ ኔጌቲቭ ይያዝ አይያዝ የሚወስነው ፕላትፎርሙ ነው። የኔ ላፕቶፕ ላይ ይይዛል፣ ኢኤስፒ32 ላይ አይይዝም። ጓደኛዬ ኢንት8 ያለው ቻርን ነው፣ ሙቀቱ የሚቀመጠው በሱ ነው። አምና ለጫጩት ነበር፣ 32 ዲግሪ ምናምን፣ ከዜሮ በታች ወርዶ አያውቅም፣ ስለዚህ ማንም አላየውም። ኡቡንቱ ላይ በ-18 ቴስት አድርጌ ነበር፣ አልፏል፣ ማለፉ አይገርምም።

የሚያናድደው ኮምፓይለሩ ነግሮኝ ነበር። ይሄ ቻር እና ያ ሳይንድ ቻር አንድ አይደሉም ብሎ ቀጥ ብሎ ነበር፣ እኔ ነኝ በማክሮ አፉን የያዝኩት። ማክሮዋን ነቀልኩ፣ የጓደኛዬን ኢንት8 አጥፍቼ በስታንዳርዱ ተካሁ፣ ድራይቨሩ የራሱን ይያዝ። -18 አለች። ዝም አለች። አከራዬ "ምን ፈንድቶ ነው?" ብለው መጡ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ሐሙስ

በባጃጅ አሞራ ገደል። ሳጥኗን ፍሪዘሩ ጀርባ ላይ ሰቅዬ ሽቦውን በጎማው ስር አሳለፍኩ፣ ልጅቷ ካርዱን ከአንድ ሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ላይ ከፈተች፣ ግራፉ ወጣ፣ -17፣ -17፣ -18፣ ቆንጆ። የመጀመሪያው ነጥብ ብቻ ሰማይ ላይ ነው፣ 85።

ማዘር በትከሻችን አሻግረው አዩና "85 ማለት ምንድነው? አሳዬ ተቀቀለ?" አሉ።

እኔ ላብ አጠመቀኝ። ይሄኔ ደግሞ የትኛው ታይፕ ነው ብዬ እዛው አሳ ሽታ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሄደሮቹን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ ስትራክቱን በባይት ቆጠርኩ፣ ሦስቱም ማሽን ላይ 8። ሁሉም ልክ ነው። ልጅቷ ናት የሴንሰሩን ዶክመንት ስልኳ ላይ አውርዳ ያገኘችው፣ ዲኤስ18ቢ20 ገና ሲበራ የሚይዘው ቁጥር 85 ነው፣ በ12 ቢት ለመለካት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ሳንጠብቀው ነው ያነበብነው። ጫጩት ቤትም የመጀመሪያው ነጥብ 85 ነበር ማለት ነው፣ ማንም ግራፉን ከመጀመሪያው አላየውም እንጂ።

አንድ መስመር ጨምራ 800 ሚሊሰከንድ ታገሽ አለቻት። ኮምፓይል ያደረገችው እሷ ናት፣ ጫነችው፣ ሳጥኗን አጥፍተን አበራናት። የመጀመሪያው ነጥብ -17።

"አልተቀቀለም ማዘር።"

"በል አንድ ኪሎ ይዘህ ሂድ።"